ያሳጠረችው ቃል

ፕሮፌሰር ሮዝ «የምርምራችንን የምስጋና በዓል ሞያሌ ላይ እናድርገው» ሲሉ የምርምር ክፍሉ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ምንታምርም ከሰው ጋር አጨበጨበች፤ ከሁሉም ቀድማ ግን እጇን አወረደች።

«ሥራው የተወለደው እዚያ ነው» አሉ ፕሮፌሰር ሮዝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ። «ምስጋናውም እዚያው ይድረስ። ሥሩን ያሳዩንን ሽማግሌ፣ ምዜ ጃርሶን፣ መድረክ ላይ አውጥተን ካባ እናለብሳቸዋለን። አስተርጓሚ አንፈልግም፤ የአገሩ ልጅ አለችን!»

ሁሉም ወደ ምንታምር ዞሮ ፈገግ አለ። እሷም ፈገግ አለች። ምን ታድርግ?

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2018 ኅዳር መግቢያ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው የኬንያ መንግሥት ነው። ምንታምር መጀመሪያ ስትገባበት የእንስሳት ጤና ክፍል ማለት ከላሞቹ በረት ጀርባ ያሉ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ የሚደቀንባቸው ሁለት ክፍሎች ነበሩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ተማሪው በእጥፍ ጨመረ፤ ባለ አራት ፎቅ የምርምር ሕንፃ ቆመ፤ ከባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ውል ተፈረመ፤ ክፍሉ ራሱ ያሠለጠናቸውን የመጀመሪያዎቹን ዶክተሮች አስመረቀ። ለዚህ ሁሉ በር የከፈተው አንድ ጠርሙስ ነው፤ ከሞያሌ አካባቢ ከሚበቅል ቁጥቋጦ ሥር የተቀመመ፣ የፍየል እከክ የሚያድን ማጠቢያ። በዚያ ጠርሙስ ሽልማት መጣ፣ ሽልማቱ የምርምር ድጋፍ ጠራ፣ ድጋፉ ሕንፃ ሆነ።

ለበዓሉ በታተመው መጽሔት ሽፋን ላይ ምንታምር ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ ትታያለች። የውስጡን ጽሑፍም የጻፈችው እሷው ናት። ከጽሑፉ አንዲቱ ዓረፍተ ነገር ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀችባት፦ «የጎዶማ ሽማግሌዎች ዕውቀታቸውን በሙሉ ፈቃዳቸው ሰጡን።» ጽፋ ሰረዘች፤ ሰርዛ ጻፈች። በመጨረሻ እንዲሁ ተወችው።

ዓረፍተ ነገሩ ውሸት መሆኑን በዚያ ትልቅ ግቢ ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ምንታምር ያደገችው በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ነው። እናቷ ብዙወርቅ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የአንድ ዓመት ልጇን አዝላ ድንበሩን ተሻገረች። ባሏ ወታደር ነበር፤ የት እንደቀረ አልታወቀም። መጀመሪያ ስደተኞች ካምፕ፣ ኋላ ከተማው ውስጥ አንድ የስፌት መኪና ይዛ ተቀመጠች፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ልጇን አሳደገች። ልጅቱ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ፣ ገበያ ስዋሂሊ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስትናገር አደገች። ከዚህ ሌላ ሀብት አልነበራትም።

በፈረንጆቹ 2012 ሮዝ ገና «ዶክተር» እየተባሉ ከሾፌራቸው ከጄምስ ጋር ወደ ሞያሌ ሲመጡ፣ ምንታምር ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ የሚያስተምራት አጥታ፣ ከእናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ አዝራር ትተክላለች። ዶክተሯ አስተርጓሚ ሲያጠያይቁ ሰው ሁሉ እሷን ጠቆመ።

የሚሄዱት ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው መንደር፣ ወደ ጎዶማ ነበር። እዚያ ያሉ ከብት አርቢዎች «የፍየል እናት» የሚሉት ቁጥቋጦ አላቸው፤ ሥሩ ተቀቅሎ እከክ የያዘው ፍየል ይታጠብበታል። አቀማመሙን ከሁሉም አብልጠው የሚያውቁት ጃርሶ የሚባሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ በነገር የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው። ዶክተር ሮዝ ሁለት ቀን ተመላልሰው ጠየቋቸው። ሽማግሌው ሁለቱንም ቀን ሻይ ጋብዘው ሸኟቸው። በሦስተኛው ቀን «እንግዲህ ሰው ይሰብሰብ» አሉ።

ያን ዕለት ጠዋት መኪና ውስጥ ዶክተር ሮዝ ለምንታምር እንዲህ አሏት፦ «ዛሬ ካልፈቀዱ በስድስት ሰዓቱ የፖሊስ አጀብ ተመልሰን ሌላ አውራጃ እንሞክራለን። ከፈቀዱ ግን ከዚህ አካባቢ አንድ ተማሪ በነፃ ለማስተማር አስፈቅጃለሁ። ያሰብኩት አንቺን ነው።»

አርባ የሚያህል ሰው ግራር ሥር ተቀምጦ ጠበቃቸው። ጃርሶ ተነሥተው፣ በበትራቸው ተደግፈው፣ ረዥም ንግግር ተናገሩ።

«ሥሩ የሚቆፈረው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ሌላው ጎን ካልተተወ ቁጥቋጦው ይሞታል። ደግሞ ኮረብታው የእኔ አይደለም፤ ከዚህ ጉድጓድ ውሃ የሚቀዳው ሰው ሁሉ ነው። ለዛሬ አንድ ጆንያ ውሰዱ፤ መርምሩ። ግን ለሌላ ሰው ልታሳዩት ስትፈልጉ፣ የቦታውን ስም ልትጠሩ ስትፈልጉ፣ ተመልሳችሁ ኑ። እዚሁ ጥላ ሥር ተቀመጡና እንነጋገር። ያኔ እሺ ልንል እንችላለን፤ እንቢ ልንልም እንችላለን። ይህን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪያቸው።»

በዚህ መሐል ጄምስ ክላክስ ነፋ። ያኔ መንገዱ ሽፍታ ይበዛበት ስለነበር መኪኖች ወደ ማርሳቢት ከተማ የሚሄዱት በፖሊስ ታጅበው ነው፤ አጀቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

«ምን አሉ?» ዶክተር ሮዝ ሰዓታቸውን አዩ።

ምንታምር ሁሉንም ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ግን «እንቢ ልንልም እንችላለን» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ሲደርስ፣ መኪናው አቧራ አስነሥቶ ሲሄድ ታያት። እሷ ደግሞ ወደ አዝራሯ ስትመለስ።

«ፈቅደዋል» አለች በእንግሊዝኛ። «ደስ ብሏቸዋል። ሥሩን ስትቆፍሩ ተጠንቀቁ ብለዋል።»

የዶክተሯ ፊት በራ። ወረቀት ወጣ። ጃርሶ ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ እንግሊዝኛ ነው።

«ምን ይላል?» ብለው ጠየቋት።

«እርስዎ ያሉትን ይላል፣ አባ።»

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ። አርባው ሰው ሁሉ አየ።

በመጀመሪያው ዓመት ምንታምር ራሷን እንዲህ እያለች አጽናናች፦ ገና ምርመራ ነው፤ ለሰው የሚታይ ነገር ከተገኘ ያኔ እነግራቸዋለሁ፤ ተመልሰን እንጠይቃለን። ነገሩ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተገኘ። ዶክተር ሮዝ ፕሮፌሰር ሆኑ። እሷን እንደ ልጃቸው አቀረቧት፤ የገና በዓልን ቤታቸው አሳለፈች፤ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ስትቀበል ቆመው ያጨበጨቡላት እሳቸው ናቸው። አሁን ልናገር ስትል ይበልጥ ዘገየባት፤ በዘገየ ቁጥርም ከበዳት። ሁለተኛ ዲግሪዋን ጨረሰች፤ ለዶክትሬት ተመዘገበች። ከዚያ ሁሉ በፊት ምርምሩ በታወቀ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ፣ ጋዜጦች «የጎዶማው ተአምረኛ ሥር» ብለው ጻፉ። ስሙን ከነቦታው።

በ2016 እናቷ በስልክ ስታወራት፣ «እኔ እምልሽ፣ ጎዶማ ኮረብታው ላይ ሎሪ እየወጣ ነው አሉ፤ ሥር የሚጭን ነጋዴ መጥቷል» አለቻት።

«እንደዚያ ነው?» አለች ምንታምር። ከዚያ ስለ እናቷ የወገብ ሕመም ጠየቀች። ስልኩን ዘግታ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ቆማ ቀረች፤ እጇ ላይ የነበረው ብልቃጥ ምን እንደነበር ጠፋባት።

ከዚያ ወዲያ ሞያሌ ስትመጣ ከእናቷ ቤት ብዙም አትወጣም። ወደ ጎዶማ የሚወስደውን መንገድ ፊቷን አዙራ ታልፈዋለች።

የዩኒቨርሲቲው ልዑካን ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድመው በአዲሱ አስፋልት ገቡ። ፕሮፌሰር ሮዝና ሌሎቹ ሆቴል ያዙ፤ ምንታምር እናቷ ቤት አረፈች። ብዙወርቅ የመጽሔቱን ሽፋን በመስታወት አስገጥማ ከስፌት መኪናዋ በላይ ሰቅላዋለች። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ሳያየው አይወጣም።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ ክር እንድትገዛላት ወደ ገበያ ላከቻት። ከወተት ሻጮቹ ረድፍ ስትደርስ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ፊቷ አስቀምጣ አየቻት። ጡሪ ናት፤ የጃርሶ ልጅ። አንደኛ ደረጃ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የተማሩት።

«ካሪቡ፣ ዳክታሪ!» አለች ጡሪ በስዋሂሊ፤ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ዶክተር ማለቷ ነው። ድምፅዋ ውስጥ ጨዋታ አልነበረም።

«ጡሪ፣ ደህና ነሽ? አባ ጃርሶ ደህና ናቸው?»

«በሕይወት አሉ።» ጡሪ የጀሪካኑን ክዳን ጠበቅ አደረገች። «ነገ ካባ ልታለብሷቸው ነው አሉ። መልእክተኛ መጥቶ ነበር። አልመጣም ብለው መልሰውታል።»

«ለምን?»

ጡሪ ቀና አለች። «እውነትሽን ነው ለምን የምትይኝ? ኮረብታውን ቆፍረው ጨረሱት። አንድ ጎን፣ ሁለት ጎን የለም፤ ከነሥሩ ነቅለው ጫኑት። አምና በድርቁ ጊዜ እከኩ ሲገባ የሚታጠብበት ጠፋ። ጠርሙሱ የሚሸጠው ናይሮቢ ነው። ስንቱ ፍየል አለቀ መሰለሽ! ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ፈለገ። ማን ኮረብታውን አሳየ? ጃርሶ። ማን ወረቀት ላይ አተመ? ጃርሶ። የፍየል እናትን ሸጠ አሏቸው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቀጧቸው። ጉድጓድ ላይ የውሃ ተራቸውን መጨረሻ አደረጉት። እሳቸው ሲቀመጡ አጠገባቸው የነበረ ሰው ይነሣል። አባቴ፣ ምንታምር! ሰው ነገሩን ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይዞ ይመጣ የነበረው!»

 አንድ እናት ልጇን ይዛ ወተት ልትገዛ መጣች፤ ጡሪ ወደ ገበያተኛዋ ዞረች። ምንታምር ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ጡሪ ሁለተኛ አላየቻትም።

ክሩን ሳትገዛ ቦዳ ቦዳ አስቁማ ከሞተረኛው ጀርባ ተቀመጠች። «ጎዶማ» አለችው።

ጃርሶ ከቤታቸው ደጅ፣ በበርጩማ ላይ ተቀምጠው ገመድ እየገመዱ አገኘቻቸው። ከስታተዋል። ሰላምታ ሰጠች፤ መለሱላት። ተቀመጪ ግን አላሏትም። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ጠፋባት። «አባ፣ ያን ቀን ያሉትን አልተናገርኩም» አለች ዝም ብላ። «ተመልሳችሁ ኑ ያሉትን፣ እንቢ ልንል እንችላለን ያሉትን አልነገርኳቸውም። ፈቅደዋል ብዬ ነው የነገርኳቸው። ወረቀቱም እርስዎ ያሉትን አይልም ነበር።»

ሽማግሌው ገመዳቸውን አላቆሙም። «አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«እኔ የተናገርኩት አሥር ፍየል እስኪታለብ ነው። አንቺ የተናገርሽው ሰው አንድ ጊዜ እስኪያስነጥስ። ቋንቋውን አላውቀውም እንጂ የቃል ርዝመት አላጣም። እኔ ግን የፈረንጅ ቋንቋ አጭር ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። የሰፈራችን ልጅ ትዋሸኛለች ብዬ አላሰብኩም።»

«ታዲያ ሰዎቹ ሲከሱዎት ለምን ይህን አልተናገሩም?»

«ብዬ ነበር። ንግግርህን ሰምተናል፣ ኋላ በወረቀት ለወጥከው አሉኝ። ሰው የሚያምነው የጣት ማኅተሙን ነው፤ ጣቴ ወረቀት ላይ አለ።» ገመዱን አስቀመጡ። «በመኪና ለመጡት ሰዎችስ በማን አፍ ልንገራቸው? በአንቺ አፍ?»

ምንታምር አለቀሰች። ሽማግሌው እስክትጨርስ ጠበቁ፤ አላባበሏትም።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባ» አለች።

«አንቺ ልጅ» አሉ ጃርሶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «በአርባ ሰው ፊት ዋሽተሽ በጓሮ ነው የምትታረቂኝ? እኔ ይቅር ብልሽ ነገ ጉድጓድ ላይ ተራዬ የት ነው? ልጄ ወተት ስትሸጥ ‹የሻጩ ልጅ› የሚሏት ይተዋሉ?»

«ምን ላድርግ?»

«የተማርሽው አንቺ ነሽ።» እንደገና ገመዳቸውን አነሡ። ልትሄድ ስትነሣ ግን ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ነገ እመጣለሁ። ካባ ፈልጌ አይደለም» አሏት።

ከሰዓት በኋላ ለእናቷ ነገረቻት። ፔዳሉን ሲረግጥ የነበረው የብዙወርቅ እግር ቆመ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ?» አለች። «እኔ ይህን ፎቶ ላገኘሁት ሁሉ ሳሳይ… ጃርሶን የሚያውቅ ሰው እዚህ ቤት ስንት ጊዜ መጥቷል መሰለሽ? ለካ ዝም ብለው የሚወጡት ለዚህ ነው።» ፎቶውን ቀና ብላ አየችና፣ «ትምህርትሽስ?» ብላ ጠየቀች።

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«በይ መጀመሪያ ለፕሮፌሰሯ ንገሪያት። ሰው ፊት አታዋርጃት። እሷ ምን በደለችሽ?»

ምንታምር ወደ ሆቴሉ ሄደች። ፕሮፌሰር ሮዝ ከአውራጃው ባለሥልጣናት ጋር ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ይስቃሉ። ሲያዩዋት እጇን ይዘው ወደ ክፍላቸው ወሰዷትና ካባውን ከካርቶን አውጥተው አሳዩዋት፤ ጠርዙ ወርቃማ ነው። «ምዜ ጃርሶ ሐሳባቸውን ቀይረው እመጣለሁ ብለው ልከዋል፤ ሰማሽ?» አሉ። «እናቴም ፍየል አርቢ ነበረች፣ ታውቂያለሽ። ያደገችበት መንደር ማንም አመስግኗት አያውቅም።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ምንታምር ካባው ያምራል ብላ ወጣች። ልትናገር ሄዳ ሳትናገር ተመለሰች፤ ያም ሌላ ጥፋት ሆኖ ላይዋ ላይ ተጨመረ።

በዓሉ የተደረገው በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው። ድንኳን ተተክሏል፤ ባነር ላይ የአዲሱ ሕንፃ ፎቶ ተሰቅሏል። ከጎዶማም ከጎረቤቷ ከኦዳም ከብት አርቢው መጥቷል፤ ከከተማው ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ የመንግሥት ሰው። ጃርሶ ከጡሪ ጋር መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። በግራም በቀኝም ያሉት ወንበሮች ባዶ ቀሩ። ብዙወርቅ ያን አይታ ከተቀመጠችበት ተነሣችና ሄዳ ከጡሪ አጠገብ ተቀመጠች።

ፕሮፌሰር ሮዝ ማይክ ያዙ። ዩኒቨርሲቲው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ተናገሩ፤ ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ ላቦራቶሪዎቹ፣ ከሞያሌ ለሚመጡ ልጆች ስለተመደበው ቦታ። ምንታምር አጠገባቸው ቆማ እያንዳንዱን ወደ ኦሮምኛ መለሰችው። ጭብጨባ ነበር። ከዚያ ፕሮፌሰሯ ከመጽሔቱ ያቺን ዓረፍተ ነገር አነበቡ፦ «የጎዶማ ሽማግሌዎች ዕውቀታቸውን በሙሉ ፈቃዳቸው ሰጡን።»

ምንታምር ማይኩን ተቀበለች።  ሰዉ መጠበቅ ጀመረ። ፕሮፌሰር ሮዝ ክርኗን በቀስታ ነካ አደረጓት።

«ይህን አልተረጉመውም» አለች በኦሮምኛ። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እውነት አይደለም። የዛሬ ስድስት ዓመት አባ ጃርሶ አልፈቀዱም ነበር። እኔ… እኔ ነኝ ፈቀዱ ያልኩት።»  ያንኑ በስዋሂሊ ደገመችው። ከዚያ ወደ ፕሮፌሰር ሮዝ ዞራ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። የሴትዮዋ ፊት ቀስ በቀስ ሲጨልም አየች፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

ከሽማግሌዎቹ መሐል ታዲቻ የሚባሉት ተነሡ። በጃርሶ ላይ ቅጣቱን የፈረዱት እሳቸው ነበሩ። «ቆዪ» አሉ። «ያን ቀን ጃርሶ ምን አለ? ወረቀቱንም ጨምረሽ ሁሉንም ከአንቺ አፍ እንስማ።»

ተናገረች። አንድ ቃል አልጠፋባትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው ንግግር ከነትንፋሹ አፏ ላይ ነበር፦ አንድ ጎን ብቻ፣ ኮረብታው የእኔ አይደለም፣ አንድ ጆንያ ውሰዱ፣ ተመልሳችሁ ኑ፣ እሺ ልንል እንችላለን፣ እንቢ ልንልም እንችላለን። «ወረቀቱ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ» አለች። «እርስዎ ያሉትን ይላል አልኳቸው።»

ከሜዳው ጉርምርምታ ተነሣ። «ውሸታም!» ያለ ሰው ነበረ። አንዲት አሮጊት መሬቱን በበትራቸው መቱና ያለቁባቸውን ፍየሎች እያነሡ አለቀሱ።  ጃርሶ ተነሥተው ሻሻቸውን አስተካከሉና ከድንኳኑ ወጡ። ካባው ወንበር ላይ ቀረ። ታዲቻ ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ እሳቸውም ወጥተው ጃርሶን ተከተሉ። መንገድ ላይ ደርሰውባቸው ጎን ለጎን ሲራመዱ ታዩ። ሌሎች ሽማግሌዎችም አንድ በአንድ ተነሡ።

ፕሮፌሰር ሮዝ ያን ቀን ያናገሯት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መኪና ሊገቡ ሲሉ። «ስድስት ዓመት ማዕዴ ላይ ተቀምጠሽ» አሉ፣ «ትናንት ካባውን ሳሳይሽ እንኳ?» መልስ አልጠበቁም። ጄምስ በሩን ዘጋላቸው። እሷን ሳይጭኑ ሄዱ።

ዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ሰየመ። መጽሔቱ ተሰበሰበ። ምንታምር ከትምህርቷም ከሥራዋም ታገደች። ጉባኤው ሁሉንም ጥፋት በእሷ ላይ ጥሎ ፋይሉን ሊዘጋ ነበር። ፕሮፌሰር ሮዝ ግን ተነሥተው፣ «ሽማግሌው ያን ያህል ተናግረው ትርጉሙ ሦስት ቃል ሲሆን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ሰዓቴን እያየሁ ነበር። እኔንም ጻፉኝ» አሉ። ይህን ለምንታምር በስልክ የነገራት ጄምስ ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ከእናቷ ደጅ ቁጭ አለች፤ እሳቸውን ሳይቀር ይዛቸው እንደወደቀች ገባት።

በ2019 መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ጎዶማ መጥተው ግራሩ ሥር ተቀመጡ። የተርጓሚነቱን ሥራ ለጡሪ ሰጧት። ድርድሩ አራት ቀን ፈጀ። ማጠቢያው ለአካባቢው በነፃ እንዲደርስ፣ ኮረብታው እንዲታጠር፣ ችግኝ እንዲፈላ ተስማሙ። የጃርሶ ቅጣት ተነሣ፤ የውሃ ተራቸውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ያለቀው ፍየል ግን አለቀ። ከተተከሉት ችግኞች ደግሞ ግማሹ እንኳ አልያዘም፤ የፍየል እናት ሰው የተከለው ቦታ ላይ መብቀል አትወድም።

ምንታምር ማንም ሳያዛት በየሳምንቱ ዓርብ ሁለት ጀሪካን ውሃ በቦዳ ቦዳ አስጭና ትሄዳለች፤ ችግኞቹን ታጠጣለች፣ የደረቁትን ትነቅላለች። ጃርሶ አንዳንድ ቀን መጥተው ያያሉ። ሰላምታ ይመልሱላታል። ውሃው በዛ፣ አፈሩ ጠበቀ ይሏታል። ከዚህ ሌላ ነገር አይናገሩም። ጡሪ ግን ገበያ ስታገኛት ወንበር ትስብላት ጀምራለች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ደብዳቤ መጣላት፤ እገዳው ያበቃል፤ ከፈለገች የዶክትሬት ትምህርቷን ጥር ላይ ከመጀመሪያው ዓመት እንደገና መጀመር ትችላለች። ከታች የፕሮፌሰር ሮዝ ፊርማ አለ፤ ሌላ የተጨመረ ቃል የለም። ምንታምር ደብዳቤውን ይዛ ጎዶማ ሄደችና ለጃርሶ ነገረቻቸው። ይዘቱን ሳትቀንስ ሳትጨምር፣ መስመር በመስመር።

ሽማግሌው ሰምተው ጨረሱ። «ሂጂ» አሉ። ከዚያ ፍየሎቻቸውን ተከትለው ወረዱ።

ቆማ ጠበቀች። ተመልሰው አንድ ነገር የሚጨምሩ መስሏት ነበር። አልተመለሱም። ወደ ከተማ ስትሄድ ሞተሩ ላይ እንባዋ መጣ፤ ሽማግሌው ስለጨከኑባት አልነበረም። ያን ሁሉ ዓርብ ውሃ ስታመላልስ፣ በልቧ አንዲት የይቅርታ ቃል እንደ ደመወዝ ስትጠብቅ መኖሯን ያኔ ነው ያወቀችው። አፈረች።

ለጉዞዋ አሥር ቀን ቀርቷት ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ ጀሪካኖቹን ሞልታ፣ ሞተረኛውን ጠርታ ወደ ጎዶማ ወጣች። ጃርሶ አልነበሩም። ችግኞቹን አጠጥታ ጨረሰችና ተመለሰች።